ያልተቀዘፈባቸው ቀናት፦ ማገገም በቀዘፋ ሥልጠናና በመጸው ውድድር ዝግጅት

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)





የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በሀገራችን ስፖርት ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሩጫ ወይም እግር ኳስ እንጂ የጀልባ ቀዘፋ አይደለም። ቀዘፋን የመረጥሁት በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ቀዘፋ እጅግ በጥንቃቄ ከሚለኩ የጽናት ስፖርቶች አንዱ በመሆኑ ስለ ሥልጠናና ስለ ማገገም ያለን ዕውቀት በከፊል ከእርሱ የተገኘ ነው። ሁለተኛ፣ ቀዘፋ በአብዛኛው የቡድን ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው ድካም በስምንት ሰዎች ጀልባ ላይ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳያል።

ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስፖርተኛ ከልምምድ የሚያርፍበትን ቀን የሚወስነው ማን ነው? በምንስ መሠረት ነው? በብዙ የሥልጠና ቦታዎች ዕረፍት የደከመ ሰው አፍሮ የሚጠይቀው፣ አሠልጣኙም ሲራራ የሚፈቅደው ነገር ሆኖ ቆይቷል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የማገገሚያ ቀን የሥልጠናው አንድ ክፍል እንደ መሆኑ መጠን እንደ ማንኛውም ልምምድ አስቀድሞ መታቀድ፣ መለካትና መጠበቅ ይገባዋል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ዋጋውን የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ ወጣቶችና ትጉሃን ስፖርተኞች ናቸው።

ቀዘፋ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

በጣና ሐይቅ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ፣ በአብዛኛው በክንዱና በትከሻው ኃይል ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል። የውድድር ቀዛፊ ግን ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ይቀመጣል። መቀመጫው በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እግሮቹም ከጀልባዋ ጋር በተያያዘ ጫማ ውስጥ ይገባሉ። መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ካስገባ በኋላ መጀመሪያ በእግሩ ይገፋል፤ ቀጥሎ ጀርባውን ይከፍታል፤ በመጨረሻ በክንዱ ይስባል። ስለዚህ ቀዘፋ የክንድ ስፖርት መስሎ ቢታይም ትልቁ ኃይል የሚመነጨው ከእግር ነው። እግር፣ ወገብ፣ ጀርባና ክንድ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት በመሆኑ የኦክስጅን ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው።

የተለመደው ዓለም አቀፍ የውድድር ርቀት 2000 ሜትር ሲሆን፣ እንደ ጀልባው ዓይነትና እንደ ነፋሱ ሁኔታ በከፍተኛ ደረጃ ከ5 ደቂቃ ተኩል እስከ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል። ይህ አጭር ጊዜ ቢመስልም ከሚያስፈልገው ኃይል ከ70 ከመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ኦክስጅንን በመጠቀም ነው። በመጸው ወቅት የሚካሄዱት ውድድሮች ደግሞ ከዚህ የረዘሙ ስለሆኑ በጽናት ላይ ያላቸው ጥገኝነት የበለጠ ነው።

እነዚህ ረጅም ውድድሮች «ሄድ ሬስ» በመባል ይታወቃሉ። ጀልባዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው አይነሡም፤ አንዱ ከሌላው በኋላ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ተነሥተው ከሰዓት ጋር ይወዳደራሉ። ልማዱን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ አውስትራሊያዊው አሠልጣኝ ስቲቭ ፌርባርን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ ረጅሙን ውድድር የመሠረተው ቡድኖች በክረምቱ ወራት ረጅም ርቀት እየቀዘፉ እንዲለማመዱ ለማበረታታት ነው።

በመጸው ከሚካሄዱት መካከል ስመ ጥሩ በአሜሪካ፣ በቦስተንና በኬምብሪጅ ከተሞች መካከል በሚያልፈው የቻርልስ ወንዝ ላይ ከ1965 ጀምሮ የሚካሄደው «ሄድ ኦቭ ዘ ቻርልስ» ነው። ርቀቱ 4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዎቹ በ15 ሰከንድ ልዩነት ይነሣሉ፤ ወንዙ ይጠማዘዛል፤ በየመንገዱ ድልድዮች አሉ፤ ከተፈቀደው መስመር የወጣ የጊዜ ቅጣት ይጣልበታል። ጠንካራ የስምንት ሰዎች ጀልባ ርቀቱን ከ14 እስከ 16 ደቂቃ ባለ ጊዜ ትጨርሳለች፤ ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ብዙውን ጊዜ 18 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ውድድሩ የሚውለው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ማለትም መጸው ከገባ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በኅዳር ስለሚካሄድ በዚሁ ወቅት ይውላል። እንግዲህ ስለ ቀዛፊዎቹ የበጋና የመጸው ዝግጅት ስናወራ በእኛ ክረምት ስለሚዘጋጁት ሯጮቻችንም እያሰብን ነው።

ከሥራ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ልምምድ በራሱ ሰውነትን አያጠነክርም። ከልምምዱ ማግሥት የሚለካ ስፖርተኛ ከቀድሞው ይልቅ ደካማ ሆኖ ይገኛል። የጡንቻው የነዳጅ ክምችት ቀንሷል፤ አንዳንድ የጡንቻ ክሮች ጥቃቅን ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ የነርቭ ሥርዓቱም ደክሟል። ልምምዱ የሚሰጠው ምልክት ነው፤ ግንባታው የሚከናወነው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው።

በፕራግ ተምሮ በካናዳ የሠራው ሐንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ሕያው አካል ለተለያዩ ጫናዎች የሚሰጠውን የጋራ ምላሽ ገለጸ፤ ከጊዜ በኋላም ይህን ምላሽ ድንጋጤ፣ መቋቋምና መዛል በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ከፈለው። የስፖርት ሳይንስ ሊቃውንት ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው ጫናው መጠኑን ካላለፈና በመካከሉ ማገገሚያ ካለ አካል እንደሚላመድ፣ ጫናው ያለ ማቋረጥ ከቀጠለ ግን ወደ መዛል እንደሚደርስ አስተማሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሶቭየት ኅብረት የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ኒኮላይ ያኮቭሌቭ ደግሞ ከሥራ በኋላ የሚቀንሰው የኃይል ክምችት ሲመለስ ለጥቂት ጊዜ ከመነሻው ከፍ እንደሚል አመለከተ።

ይህን በጉልህ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ የሁለት ስዊድናውያን ሐኪሞች ሙከራ ነው። ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን በአንድ የልምምድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪደክማቸው ድረስ ነዱ። ሌላኛው እግራቸው ዐርፎ ነበር። ከዚያም ለሦስት ቀናት ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየበሉ በቀጭን መርፌ ከሁለቱም እግሮች ጥቂት ጡንቻ እየወሰዱ ግላይኮጅን የተባለውን የነዳጅ ክምችት ለኩ። ሥራ የሠራው እግር መጀመሪያ ክምችቱ ተሟጦ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ካልሠራው እግር በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ክምችት ያዘ።

የዚህ ሙከራ ውበት ሁለቱ እግሮች የአንድ ሰው መሆናቸው ነው። አንድ ዓይነት ምግብ በልተዋል፤ አንድ ዓይነት እንቅልፍ ተኝተዋል፤ አንድ ዓይነት ደም ደርሷቸዋል። ሳይሠራ ያረፈው እግር የተለየ ጥቅም አላገኘም። የሠራውም እግር ቢሆን በሥራው ሰዓት ያተረፈው ነገር የለም፤ ትርፉን ያገኘው ሠርቶ ካረፈና ነዳጁን ከተካ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት?» የሚለው ክርክር ጥያቄውን ከመነሻው የሚያጣምም ነው። ዋናው ነገር የሁለቱ ቅደም ተከተልና መጠን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰውነት ክፍሎች ሁሉ በአንድ ፍጥነት አያገግሙም። በቂ ካርቦሃይድሬት ከተገኘ የግላይኮጅን ክምችት በአንድ ቀን ገደማ ይመለሳል። ካልተለመደ ከባድ ሥራ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። አጥንት ግን ራሱን የሚያድሰው በወራት በሚቆጠር ዑደት ነው። ስለዚህ ትንፋሹና ጡንቻው ዝግጁ ሆኖ የሚሰማው ስፖርተኛ አጥንቱ ገና ያልተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

በቀዘፋ የዚህ ምሳሌ የጎድን አጥንት ጉዳት ነው። ቀዛፊ በእያንዳንዱ ምት የጎድን አጥንቱን በሚስቡና በሚጫኑ ጡንቻዎች መካከል ያስገባዋል። ይህ በቀን በሺዎች ጊዜ ሲደጋገም፣ በተለይም የልምምዱ መጠን በድንገት ሲጨምር፣ አጥንቱ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። እንዲህ ያለው ጉዳት ቀዛፊውን ለሳምንታት ከጀልባ ያስወጣዋል። አንድ የማገገሚያ ቀን ለማትረፍ ተብሎ አንድ ወር ይጠፋል ማለት ነው።

የማገገሚያ ቀን ምንድን ነው?

የማገገሚያ ቀን ሁልጊዜ ከአልጋ አለመውረድ ማለት አይደለም። ሁለት ዓይነት አለው። የመጀመሪያው ሙሉ ዕረፍት ሲሆን፣ በዚያ ቀን ልምምድ የሚባል ነገር አይኖርም። ሁለተኛው ቀላል እንቅስቃሴ ነው፤ ቀዛፊው በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ምት ባለ ዝግታ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገረ ሊቀዝፍ በሚችልበት ኃይል ይሠራል። መናገር ካቃተው ቀኑ የማገገሚያ ቀን መሆኑ ቀርቷል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ካርል ፎስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት አሠልጣኞች ያቀዱትን ጫና ስፖርተኞች እንደሠሩት ከተናገሩት ጋር አነጻጸሩ። ስፖርተኞቹ ቀላል ተብሎ በታቀደው ቀን ከታሰበው በላይ፣ ከባድ ተብሎ በታቀደው ቀን ደግሞ ከታሰበው በታች ሲሠሩ ተገኙ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ቀላሉን ቀን አክብዶ ያሳለፈ ሰው ለከባዱ ቀን የሚያወጣው ኃይል አይተርፈውም። በዚህ መንገድ ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆናል፤ መካከለኛ ቀን ደግሞ ለማገገም ይከብዳል፣ ለማደግ ያንሳል።

ከኖርዌይ ቀዛፊዎች የተገኘው መረጃ ይህን ያጠናክራል። ኦኬ ፊስከርስትራንድና ስቲቨን ሳይለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ1970 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በዓለም አቀፍ ውድድር ሜዳሊያ ያገኙ 28 ኖርዌያውያን ቀዛፊዎችን የሥልጠና ታሪክ መረመሩ። በነዚህ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ዓመታዊው የልምምድ መጠን ከ924 ሰዓት ወደ 1128 ሰዓት አደገ። አስገራሚው ነገር ጭማሪው የት እንደ ዋለ ነው። በዝቅተኛ ኃይል የሚሠራው ልምምድ በወር ከ30 ሰዓት ወደ 50 ሰዓት ሲያድግ፣ በውድድር ፍጥነትና ከዚያ በላይ የሚሠራው ከ23 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ገደማ ወረደ። በዚሁ ጊዜ የቀዛፊዎቹ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም በደቂቃ ከ5.8 ሊትር ወደ 6.5 ሊትር ከፍ አለ፤ በልምምድ ማሽን ላይ የሚደረገው የ6 ደቂቃ ፈተና ውጤትም 10 ከመቶ ያህል ተሻሻለ።

ይህ ጥናት ምልከታ እንጂ ቁጥጥር የተደረገበት ሙከራ አለመሆኑን ተማሪዎች እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። በሠላሳ ዓመታት ውስጥ የአመራረጥ ዘዴውና ሌሎች የሥልጠና ልማዶችም ተለውጠዋል። ስለዚህ ውጤቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ለውጥ ነው ልንል አንችልም። ሆኖም ከባዱን ሥራ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሳቸው ሻምፒዮናዎቹን አላዳከማቸውም። ቀላሉ ሥራ በእውነት ቀላል በመሆኑ ብዙ መሥራት ቻሉ።

የአንድ ሳምንት ስሌት

ጫናን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፎስተር ያስተዋወቀው ዘዴ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ልምምዱ ካበቃ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ስፖርተኛው «ዛሬ ምን ያህል ከበደህ?» ወይም «ከበደሽ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይመልሳል። ይህ ቁጥር በልምምዱ ደቂቃ ይባዛል። 60 ደቂቃ በ5 ክብደት የሠራ ሰው የቀኑ ጫና 300 ነው።

አሁን ሁለት ሳምንታትን እናወዳድር። በመጀመሪያው ሳምንት የሰባቱ ቀናት ጫና 400፣ 450፣ 400፣ 450፣ 400፣ 450 እና 400 ነው። በሁለተኛው ሳምንት 700፣ 200፣ 650፣ 0፣ 700፣ 200 እና 500 ነው። ደምሩት፤ ሁለቱም 2950 ናቸው። አሠልጣኙ ድምሩን ብቻ ቢያይ በሳምንታቱ መካከል ልዩነት የለም ሊል ይችላል።

ፎስተር ግን ሌላ ቁጥር ጨመረ፤ የዕለታዊ ጫናውን አማካይ ለመደበኛ ልይይቱ አካፈለ። ይህ የሳምንቱን መመሳሰል ይለካል። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ወደ 16 ይጠጋል፤ በሁለተኛው 1.5 ገደማ ነው። ከ2 በላይ ሲሆን አሠልጣኞች ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ከፍተኛ ጫና ከከፍተኛ መመሳሰል ጋር ሲደመር ሕመም እንደሚበዛ ፎስተር ተመልክቷልና። የመጀመሪያው ሳምንት ስፖርተኛ በሰባት ቀናት ውስጥ አንድም ቀን አላገገመም፤ አንድም ቀን ደግሞ ከአቅሙ ጫፍ አልደረሰም። የሁለተኛው ሳምንት ስፖርተኛ ሦስት ጊዜ በእውነት ከብዶታል፤ ሦስት ጊዜ በእውነት ቀልሎታል።

ወደ መጸው ውድድር የሚወስደው መንገድ

ውድድሩ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ከሆነ የአሥራ ሁለት ሳምንት ዝግጅት በሐምሌ ይጀምራል። ለአንድ የተማሪዎች ቡድን የሚከተለውን አካሄድ በምሳሌነት አቀርባለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። አብዛኛው ሥራ ረጅምና ዝግተኛ ቀዘፋ ይሆናል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ ልምምድ ይጨመራል። ቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ለውድድሩ ይበልጥ የተለዩ ናቸው፤ ለምሳሌ በደቂቃ ከ28 እስከ 32 ምት በሆነ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ስምንት ስምንት ደቂቃ መቅዘፍና በመካከሉ በቂ ጊዜ ማረፍ። በሁለቱም ምዕራፎች በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኖራል፤ ከከባድ ቀን በኋላ ያለው ቀን ቀላል ይሆናል፤ በየአራተኛው ሳምንትም የልምምዱ መጠን በሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ይህ ቀላል ሳምንት አጥንትና ጅማት ከልብና ከሳንባ ኋላ እንዳይቀሩ ፋታ ይሰጣቸዋል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የማቅለያ ጊዜ ናቸው። ሎራን ቦስኬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ከውድድር በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 ከመቶ መቀነስ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። መቀነስ ያለበት የልምምዱ ርዝመት ነው፤ የልምምዱ ፍጥነትና የቀናቱ ብዛት ግን ባሉበት ሊቆዩ ይገባል። ጥቅሙ በአማካይ ወደ 2 ከመቶ የሚጠጋ የውጤት መሻሻል ነው።

2 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ቻርልስ ወንዝን በ15 ደቂቃ ለምትጨርስ ጀልባ ግን 18 ሰከንድ ነው። ሁለት ጀልባዎች በመነሻው ላይ የሚለያዩት በ15 ሰከንድ መሆኑን አስታውሱ። በሚገባ ያገገመ ቡድን፣ በአቅም እኩያው ሆኖ ደክሞ የተነሣውን የፊተኛውን ቡድን ከመድረሻው በፊት ሊያልፈው ይችላል ማለት ነው።

ማቅለያው ከባድ የሚሆነው በአካል ሳይሆን በመንፈስ ነው። ውድድር ሲቃረብ ቀዛፊው ይጨነቃል፤ አሠልጣኙም ይጨነቃል፤ ሁለቱም የጎደለውን በመጨረሻው ሳምንት ለመሙላት ይፈተናሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚጨመር ከባድ ልምምድ ግን ጥቅሙ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል፤ ድካሙ ግን ከውድድሩ በፊት ይቀድማል።

እንቅልፍ፣ ምግብና ጾም

ዕረፍት በመርሐ ግብር ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቼሪ ማህና ባልደረቦቿ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለአምስት እስከ ሰባት ሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት በአልጋ ላይ እንዲያሳልፉ አደረጉ። የተጫዋቾቹ የሩጫ ፍጥነት ተሻሻለ፤ የነጻ ውርወራ ስኬታቸውም 9 ከመቶ ጨመረ። ጥናቱ አነስተኛና ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ቢሆንም የሚጠቁመው አቅጣጫ ግልጽ ነው። በሌሊት አጥንቶ ጎሕ ሲቀድ ለልምምድ የሚነሣ ተማሪ የማገገሚያውን ጊዜ ራሱ ቀንሶታል።

ምግብን በተመለከተ፣ በሁለት ልምምዶች መካከል ከስምንት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲኖር በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በየሰዓቱ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በሰዓት ከ70 እስከ 84 ግራም ነው። ቀጣዩ ልምምድ ነገ ከሆነ ችኮላው ይቀንሳል፤ የቀኑ ጠቅላላ መጠን ግን መሟላት አለበት።

ይህ በሀገራችን የራሱ ገጽታ አለው። ብዙ ስፖርተኞቻችን በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ይጾማሉ። የጾም ምግብ የሆኑት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን ስለሚሰጡ ዋናው ጥያቄ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከባድ ልምምድ ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚቆይ ሰው ማገገሙ በዚያው መጠን ይዘገያል። መጾም ወይም አለመጾም የስፖርተኛው የኅሊና ጉዳይ ነው። የአሠልጣኙ ድርሻ ከባዱን ልምምድ ወደ መብያው ሰዓት ማስጠጋት፣ ይህ ካልተቻለም ተከታዩን ቀን ማቅለል ነው።

ማገገም ሲጓደል

የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የጋራ ሰነድ የሥልጠና ድካምን በሦስት ደረጃዎች ከፍለውታል። በመጀመሪያው ደረጃ ስፖርተኛው ለጊዜው ይደክማል፤ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ግን ከቀድሞው ጠንክሮ ይመለሳል። በሁለተኛው ደረጃ ለማገገም ሳምንታት ወይም ወራት ያስፈልገዋል፤ ያተረፈውም ነገር አይኖርም። በሦስተኛው ደረጃ ድካሙ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ እንቅልፍ፣ ስሜትና ጤና አብረው ይናጋሉ።

የሚያሳስበው ደረጃዎቹ ሲጀምሩ አንድ መምሰላቸው ነው። ሦስቱንም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ አንድ የደም ምርመራ የለም። ስለዚህ በየዕለቱ የሚሰበሰቡ ጥቃቅን ምልክቶች ዋጋ አላቸው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለካ የልብ ምት፣ የእንቅልፍ ሁኔታ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ስሜት፣ የሰውነት ሕመም። አንድ ቀን የታየ ለውጥ ብዙም አይናገርም፤ ለበርካታ ቀናት የቀጠለ ግን ዕቅዱን መከለስ ይጠይቃል።

እነዚህን ምልክቶች ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ስፖርተኛው ነው። ይናገራል ወይ? የስምንት ሰዎች ጀልባ ስምንት መቀመጫ ብቻ አላት። ለመቀመጫ የሚፎካከሩ አሥራ ሁለት ቀዛፊዎች ካሉ «ደክሞኛል» ያለው ሰው ነገ ቦታውን እንደሚያጣ ያስባል። ስለዚህ ዝም ይላል። የደከመው ግን ከሰባቱ ጋር በአንድ ምት መቅዘፍ አለበት፤ የእርሱ መቅዘፊያ ሲዘገይ የሁሉም ጀልባ ሚዛን ይናጋል። ዝምታው ለራሱም ለቡድኑም አልጠቀመም፤ ግን እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማረው ሥርዓቱ ነው።

በእኛም ዘንድ ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ በማለዳ የሄደ ሰው በሰልፍ ተከታትለው፣ እርስ በርስ እየጠበቁ በዝግታ የሚሮጡ አትሌቶችን ያያል። የቀላሉ ቀን ጥበብ በሀገራችን ታላላቅ ሯጮች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ጥበብ ግን ገና ወደ ሥልጠና የገባው ወጣት ዘንድ ሁልጊዜ አይደርስም። ለመመረጥ የሚሮጥ ወጣት ቀላሉን ቀን የሚያየው ከሌሎች ለመብለጥ እንደ ተሰጠ ዕድል ነው። ቤተሰቡ የሚጠብቀው እርዳታ ካለ ደግሞ ድካሙን ለመደበቅ ያለው ምክንያት ከቦስተኑ ቀዛፊ እጅግ ይበልጣል።

ገበሬ በሬዎቹን ከቀንበር የሚፈታበትን ሰዓት ከበሬው ልመና አይጠብቅም፤ በሬ አይናገርምና። ፀሐይዋን፣ ማሳውንና የበሬውን አረማመድ አይቶ ራሱ ይወስናል። እንዲህ የሚያደርገው ለእንስሳው ስለሚራራ ብቻ ሳይሆን ነገም የሚታረስ መሬት ስላለው ነው። እኛ የምናሠለጥነው ሰው አንደበት አለው፤ ነገር ግን መናገር መቀመጫውን የሚያሳጣው ከሆነ ከበሬው ምንም ያህል የተሻለ ዕድል የለውም።

ስለዚህ ለነገዎቹ አሠልጣኞችና ለባልደረቦቼ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። የማገገሚያው ቀን ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ በመርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍ፤ እንደ ውድድሩ ቀንም በቀላሉ አይሰረዝ። ቀላሉ ቀን ቀላል ሆኖ መዋሉ በየሳምንቱ ይለካ፤ ጥያቄው አንድ፣ ስሌቱም አጭር ነው። ድካሙን በእውነት የተናገረ ስፖርተኛ በተናገረበት ምክንያት ቦታውን እንዳያጣ በግልጽ ይነገረው፤ በተግባርም ይታይለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሳይንስ ጉዳዮች ናቸው። ሦስተኛው የመተማመን ጉዳይ ነው፤ እርሱ ከሌለ ስፖርተኛው የሚሰጠን ቁጥር እውነት አይሆንም፤ በሐሰት ቁጥር የሚሠራ ስሌት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።